የበቀለው ግድግዳ

አባቴ ያንን ቡቃያ ለምን ወዲያው አልፋቀውም? እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁለትም። ከጳውሎስ ወደ ላይ በሚወጣው መንገድ ዳር አንድ ሰው አጥሩን ሊመርግ ጭድና አፈር ለውሶ ያቦካው ጭቃ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ በገባ ቁጥር ጥያቄው ተመልሶ ይመጣና ፊቴ ይግላል።

አባቴ ታደሰ በወጣትነቱ ድንጋይ ተሸካሚ ሆኖ ጀምሮ፣ ሲሚንቶ አቡክቶ፣ ቀስ እያለ ቱምቢ መጣል ተምሮ፣ ግንበኛ ከተባለም በኋላ ለብዙ ዓመት በሰው ሥራ ላይ ኖሯል። ማታ ማታ እግሩን እየታጠበ «ከፎርማን ጩኸት የምገላገልበት ቀን ይመጣል» ይለን ነበር። አንድ መስከረም ላይ ቀኑ መጣና ሥራውን ለቆ፣ እኛኑ ሠራተኞቹ አደረገን። ወንድሜ ግርማ እንጨት ያቆማል፣ እናቴ ውኃ ታመላልሳለች፣ እኔ ጭቃ እረግጣለሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ፊደል ከግርማ አሮጌ መጽሐፍ ላይ ለቅሜ ባውቅም ትምህርት ቤት ገና አልገባሁም። «የመጀመሪያውን ቤት ካስረከብን ለከርሞ መስከረም ትገቢያለሽ» ብሎ ቃል ገብቶልኝ ነበር።

በጋውን አጥርና ማድ ቤት ስንመርግ ከረምን። ጭቃ ዝም ብሎ አይለጠፍም፤ ጭድ ገብቶበት፣ ውኃ ጠጥቶ፣ በየማለዳው እየተረገጠ ሁለት ሳምንት ያህል ይተኛል፣ ጭዱ በስብሶ ጭቃው ሲጠቁርና ሲከረፋ ያን ጊዜ ደረሰ ይባላል። «ያልሸተተ ጭቃ ሌባ ነው» ይል ነበር አባቴ። ሽታው ግን በእኔ ላይ ይቀር ነበር፤ ቦኖ ውኃ ወረፋ ስይዝ እኩዮቼ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ እየጣሉ ፈንጠር ይሉ ነበር።

በሚያዝያ እትዬ ዘነበች የምትባል ጎረቤታችን ሙሉ ቤት አሠራችን። መንገድ ዳር ነው፤ ታክሲው ሁሉ በፊቱ ያልፋል። ልጇን ለዳግማይ ትንሣኤ ልትድር ነበርና ጭቃውን ገና እንዳቦካን መጥታ ቆመች።

«ጋሽ ታደሰ፣ ሠርጉ ካለፈ በኋላ ምን ያደርግልኛል? ጭቃ ጭቃ ነው፤ ለጥፉልኝ!»

ለፎርማን እንኳ እምቢ ይል የነበረ ሰው፣ የራሱ ጌታ ከሆነ ዓመት ሳይሞላው እምቢ ማለት አቃተው። እኔም ጎንበስ ብዬ አሽትቼ «አባባ፣ ገና ነው፣ አፈር አፈር ይላል» ብለው «ዝም ብለሽ እርገጪ» አለኝ። ረገጥኩ።

የበልግ ዝናብ መጣ። ከጭዱ ጋር የመጣው ጤፍ ሳይበሰብስ ኖሮ፣ ለሠርጉ ጥቂት ቀን ሲቀረው የእትዬ ዘነበች ግድግዳ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ፀጉር አወጣ።

«ጋሽ ታደሰ፣ አጨዳው መቼ ነው? ደቦ ጥራን እንጂ!» ይሉት ነበር አላፊዎቹ። ድንኳን ሊተክሉ የመጡት ደግሞ «ቄጠማ መግዛት ቀረልን፣ ግድግዳው ላይ አለ» እያሉ ይሳሳቁ ነበር። እትዬ ዘነበች እያለቀሰች «ላጩልኝ!» ስትለው አባቴ «አሁን ከተፋቀ ምርጊቱ አብሮ ይነሳል፤ ሲደርቅ በራሱ ይረግፋል» አላት። ከዚያ በኋላ በየማለዳው እዚያ ግድግዳ ፊት ሄዶ ይቆም ነበር፤ ለሚስቅበትም ለማይስቅበትም ባርኔጣውን አንስቶ ሰላምታ ይሰጣል። ግርማ ስለ ምርጊቱ ያለው እውነት ነው ይላል። እናቴ ራሱን እየቀጣ ነው ትል ነበር። እኔ በጓሮ በኩል ዞሬ እሄድ ነበር።

ከሠርጉ በኋላ ቡቃያው ደርቆ ቢረግፍም ሥሩ ምርጊቱን ሰነጣጥቆት ስለነበር፣ ግድግዳውን ያለ ዋጋ አፍርሰን እንደገና መምረግ ነበረብን፤ ክረምቱ ስለያዘን ሥራው ወደ ጥቅምት ተሻገረ። መስከረም ላይ የሰፈሩ ልጆች አዲስ ዩኒፎርም ለብሰው ሲያልፉ እኔ ለሁለተኛው ጭቃ አፈር እቆፍር ነበር። አንደኛ ክፍል የገባሁት በአሥራ አንድ ዓመቴ ነው። መምህሯ «አንቺ ትልቋ፣ እስካሁን የት ነበርሽ?» ስትለኝ፣ ክርኔ ላይ የማይደርሱ ሕፃናት ሁሉ ዞረው አዩኝ። «አሞኝ ነበር» አልኩ። ያችው ቃል ከእኔ ጋር አደገች፤ ባሌ እንኳ የሚያውቀው በልጅነቴ ታምሜ መዘግየቴን ነው።

አባቴ ካረፈ ወዲህ ሥራውን እኔና ግርማ ይዘነዋል። አሁን ብሎኬትና ሲሚንቶ ነው፤ ውኃ በቅጡ ያልጠጣ ልስን ካየሁ አስነሳለሁ፣ ሠራተኞቹም ከኋላዬ «እትዬ አፍርሱ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ።

አምና አልማዝ፣ አንደኛ ክፍል አብራኝ የተቀመጠችው፣ ሁለት ክፍል ልታሠራ መጣች። ብሎኬት ላይ ተቀምጠን ስናወራ፦

«እስቲ ንገሪኝ፣ ያኔ ምን ነበር ያመመሽ?» አለችኝ።

አፌ የለመደውን ሊል ተከፍቶ ነበር።

«አላመመኝም» አልኳት። «አባቴ የሠራው ግድግዳ በቅሎ፣ እሱን ስናድስ ነው የዘገየሁት። ጭቃ ረጋጭ ነበርኩ።»

«አንቺ ጉደኛ!» ብላ ጭኔን መታችኝ። «እኔ እኮ ሳንባ ነቀርሳ ነው ብዬ ዓመቱን ሙሉ ፊቴን አዙሬ ነው የተማርኩት! አንገቴ የተጣመመው በአንቺ ነው!»

እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ያኔ እንዲህ ቢሳቅ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር፤ አሁን እኔም ሳቅኩ፣ እፍረቱ ግን ከሳቁ ጋር አልወጣም። ያኔ የማፍረው በአባቴ ሥራ ነበር። ዛሬ የማፍረው፣ እሱ በሕይወት እያለ አንድም ሰው ፊት «ያ ግድግዳ የእኛ ነው» ሳልል መቅረቴ ነው።

የዚያን ዕለት ቤት ስገባ ባሌ እራት አቅርቦ ይጠብቀኝ ነበር። ቦርሳዬን ከትከሻዬ ሳላወርድ «አንድ የምነግርህ ነገር አለ» አልኩት።