የሲግቫርት ሳንባ ሳይታይ አይቀበርም

ሲግቫርት ዓሣው ከካርሞይ ደሴት ባሕር ሲርቅ ጊዜ ነው ነዳጅ ቁፋሮ የገባው። ባሕር መሐል ከቆመው የቁፋሮ ብረት ማማ ላይ ሆኖ፣ በዓሣ ቢላው ከረጢት እየቀደደ ነጭ ዱቄት ጭቃ ውስጥ ይገለብጣል። አስቤስቶስ የሚሉት ቃጫ ያለው የድንጋይ ዱቄት ነው፤ የመቆፈሪያውን ጭቃ ያወፍራል። በገና ሰሞን እየጨበጡ እንደ በረዶ ይወራወሩበት ነበር አሉ።

ቤቱ ሲመጣ ሚስቱ ራግና የሱፍ ሹራቡን አጥር ላይ ሰቅላ በምንጣፍ መምቻ ትደበድበዋለች። ሱፍ ቶሎ ቶሎ አይታጠብም፣ ይኮማተራላ። አቧራው ሲቦን፣ እኛ ጎረቤቶቿ፣ ባልሽ ወፍጮ ቤት ነው እንዴ የሚሠራው እያልን እንስቅባት ነበር።

ጡረታ ከወጣ በኋላ ትንፋሽ አጠረው። የኩባንያው ሐኪም ፒፓህ ነው የጎዳህ አለው። ሲግቫርት ማጨሱን አልካደም። ሊሞት ሲል ግን፣ ሐኪሞች ሳንባዬን ከፍተው ሳያዩት እንዳታስቀብሪኝ ብሎ ራግናን አስማላት።

ታላቅ ወንድሙ አይሊፍ የጸሎት ቤት ሽማግሌ ነው። ሲግቫርት ሲሞት መቃብሩን አስቆፍሮ ጠበቃት። ኩባንያው ደሴቱን ያበላ ነው፣ አታስቀይሚው አላት።

«ደግሞ ሬሳ ማስጠበቅ ምንድን ነው፣ ራግናዬ? ሰው ምን ይላል?»

«ያለውን ይበል። ባሕር ላይ ሲከርም እኔ ስጠብቀው ኖሬያለሁ፤ አሁን ደግሞ እሱ ይጠብቅ።»

«ወንድሜ ሲቀደድ ዝም ብዬ አላይም።»

«ዓሣ ስትቀድድ አይደል ያደግኸው አይሊፍ? ዛሬ ወኔ አጣህ?»

ቀብሩ ቆየ። ሆስፒታሉም ሳንባውን ከፍቶ አየው።

ከቀብር መልስ የሥጋ ሾርባ ቀርቦ፣ እንደ ወጉ ወንዶቹ እየተነሡ ስለ ሟቹ ይናገራሉ። ሚስት የምትናገረው መጨረሻ ላይ ነው፣ እሱም ለምስጋና። የአበባ ጉንጉን ይዞ የመጣው የኩባንያው ሰው ቀድሞ ተነሣና፣ ሲግቫርት ባሕሩንና ፒፓውን የሚወድ ደግ ሰው ነበር አለ። ራግና ተራዋን አልጠበቀችም።

«ፒፓውን ይወድ ነበር፣ እውነት ነው። የገደለው ግን ሳንባው ውስጥ ተሰክቶ የተገኘው የአስቤስቶስ ቃጫ ነው። እናንተ የሰጣችሁት፣ እኔ ከሹራቡ ያራገፍኩት። አበባህን ይዘህልኝ ሂድ።»

አይሊፍ አንገቱን ደፋ። ሰውዬው አበባውን አቅፎ ሲወጣ፣ ባሏ ያንኑ ከረጢት ሲገለብጥ የኖረና አሁን ቤት ተኝቶ የሚያስልባት ጎረቤታችን ኡኒ ከጠረጴዛው ማዶ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች።

«ሆስፒታል በሕይወት ያለ ሰው ሳንባስ ያያሉ?»

«ያያሉ። ነገ ጠዋት ባልሽን ይዘን አብረን እንሄዳለን» አለቻትና ራግና ለራሷ ሾርባ ጨለፈች። ባሏ ከሞተ ወዲህ እህል ጠግባ የበላችው ያን ቀን ነው።