በጌም ማሽን የተጻፈ አቤቱታ

ትናንት ጠዋት ሱቄን ገና ስከፍት አንድ ሽማግሌ በር ላይ ቆመው ሲጠብቁኝ አገኘኋቸው... ያን ቀን ሰው ባይመጣብኝ ነበር የምመርጠው።

ለማታውቁኝ፣ አወቱ መንደራ ውስጥ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ባለፈው ሳምንት መብራት ሄዶ ሲመለስ ኮምፒውተሬ ከነዩፒኤሱ ተቃጠለ። ባሌ ናስር ድሮ ፕሌይስቴሽን ቤት ነበረው፤ ተጫዋች ሲጠፋ ዘግቶታል። ከቀሩት የጌም ማሽኖች በአንዱ ላይ ሊኑክስ የሚባል የኮምፒውተር ሲስተም ጫነና ኪቦርድ ሰክቶ ከነቴሌቪዥኑ ግድግዳዬ ላይ ገጠመልኝ። «ያው ኮምፒውተር ማለት ነው» አለኝ። ያው አይደለም።

ኮምፒውተር ቁልፉን ሲጫኑት ይነሳል፣ አለቀ። ይሄኛው ግን ሁልጊዜ ጌም ሆኖ ነው የሚነሳው። በጆይስቲክ እየተጎተትኩ ብሮውዘር እከፍታለሁ፣ ናስር ያዘጋጀውን ገጽ እነካለሁ፣ እጠብቃለሁ። ከቀናኝ ሊኑክሱ ከፍላሽ ይነሳል። ካልቀናኝ ስታክ አድርጎ ይደርቅና ከሀ ይጀመራል። መብራት ብልጭ ባለ ቁጥር ይሄ ሁሉ እንደገና ነው... የኛን ሰፈር መብራት ደግሞ ታውቁታላችሁ።

ሽማግሌው አባ ዲጋ ይባላሉ። ከሊሙ ገነት የመጡት በታናሽ ወንድማቸው በከድር ላይ አቤቱታ ሊያጽፉ ነው። አቤቱታውን የሚያስገቡበት ቢሮ የሚቀበለው እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው።

ጆይስቲኩን አዩና «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄ የኳስ መጫወቻ አይደለም እንዴ?» አሉኝ።

«ነበር አባ። አሁን መጻፊያ ሆኗል።»

«ያ ረቢ...» ብለው ተቀመጡ።

አቤቱታው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ እኔ በአማርኛ ልንገራችሁ። «ወንድሜ ከድር ወሰኔን ጥሶ ገብቶ ለቡናዬ ጥላ የነበረውን ዋንዛ ከሥሩ ቆርጦ ጣለብኝ።» ከወንበሬ ሆኜ እንዲታየኝ ፊደሉን ስላተለቅኩት ከአስፋልቱ ማዶ ሳይቀር ይነበባል። መታወቂያ ኮፒ ልታስደርግ የመጣች ዘነበች የምትባል ቅመም ነጋዴ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ተራዋን እየጠበቀች ጮክ ብላ ታነባለች። ማን አንብቢ አላት?

ሁለት አንቀጽ እንደሞላሁ መብራቱ ድርግም አለ።

ናስር ሰኮሩ ከተማ ዲሽ ሊገጥም ሄዷል፤ ደወልኩለት። «ሴቭ አላደረግሽም?» አለኝ። አላደረግኩም። «ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?» አለኝ። ስልኩን ልወረውረው ምንም አልቀረኝ።

መብራቱ ከግማሽ ሰዓት በኋላ መጣ። ማሽኑ ሁለት ጊዜ ስታክ አድርጎ በሦስተኛው ተነሳልኝ። አባ ዲጋም እንደ አዲስ ጀመሩ። «ከድር የዋንዛዬን ትልቁን ቅርንጫፍ ቆረጠብኝ...»

ዘነበች ቀና አለች። «አባ፣ ቅድም እኮ ከሥሩ ነው የቆረጠው ብለው ነበር።»

«ቅርንጫፉስ ዛፍ አይደለም?»

«ማሎ አባ፣ እባክዎ የቱን ልጻፍ?» አልኳቸው። ሰዓቱ እየሄደ ነው፣ እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም።

ትንሽ አሰቡና «ቅርንጫፉን ጻፊ» አሉ።

አሁን ተምሬያለሁ፣ በየመስመሩ ሴቭ እያደረግኩ ጻፍኩ። መብራቱ ለአንዲት ቅጽበት ብቻ ሄዶ መጣ። ያን ሁሉ ጣጣ አልፌ ስገባ ፋይሉ በስሙ ተቀምጧል። ደስ ብሎኝ ከፈትኩት... ነጭ ገጽ። አንዲት ፊደል የለችበትም። ናስር ደውዬ ስነግረው «በድንገት ሲጠፋ አንዳንዴ እንዲህ ያደርጋል» አለኝ፣ እንደ ቀላል ነገር። እንባዬ መጣ፣ እውነቴን ነው።

አምስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። «ይቅርታ ያድርጉልኝ አባ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ይንገሩኝ» አልኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጀመሩ።

«ቅርንጫፉ ያዘነበለው በከድር ቤት ላይ ነበር። ልጆቹ የሚተኙበት ላይ እንዳይወድቅ፣ ክረምት ሳይገባ ቁረጥልኝ ብሎ ሁለት ጊዜ ሰው ልኮብኛል። እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ።»

እጄ ለምዶ ይሄንንም ጻፈው። ዘነበችም ለምዳ አነበበችው።

«እናታችን ከሞተች ወዲህ እንደተኮራረፍን ነን» አሉ አባ ዲጋ።

እኔ ልቤ ሰዓቱ ላይ ነው። «አባ፣ ለስድስት ሩብ ጉዳይ ነው። ላትመው?»

ማንበብ አይችሉም፤ ግን ግድግዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ ብዙ አዩት። «የሊሙ መኪና አሁን ይገኛል?» አሉኝ።

«ቢሮውስ?»

«ቢሮ ሄጄ ምን ልል ነው? ከድር ጋ ልሂድና ጥፋቱ የኔ ነው ልበለው። ኢንሻአላህ ይሰማኛል።»

ዘነበችም መኪና ላስይዛቸው ብላ ተከትላቸው ወጣች፣ መታወቂያዋን ኮፒ ሳታስደርግ።

ግማሽ ቀን ሙሉ ስጽፍ ውዬ አንድ ወረቀት ሳላትም ቀረሁ። ማሽኑን ረገምኩት፣ ናስርንም ረገምኩት። ኋላ ቁጭ ብዬ ሳስበው ግን... ኮምፒውተሬ ደህና ቢሆን ኖሮ ያችን የመጀመሪያዋን ውሸት በአሥር ደቂቃ አሳምሬ ጽፌ፣ አትሜ፣ ወንድማቸውን እንዲከሱ እሸኛቸው ነበር።

ይሄን ለናስር አልነገርኩትም፣ አልነግረውምም።