ኖራው እስኪደርቅ

ልጄ የታሰረበትን ቤት ኖራ ቀብቻለሁ።

ቤቱ ከባቡር ጣቢያው ወዲያ ያለ፣ ፈረንጆች የሠሩት አሮጌ የድንጋይ ቤት ነው። ከጃንሆይ ዘመን ጀምሮ እስር ቤት ነበር። በደርግ ጊዜ ልጄን እዚያ አስገቡት። በየቀኑ በትንሽ ድስት ሩዝ አደርስለት ነበር። ባዶ ድስት ከተመለሰልኝ በልቷል ማለት ነው፤ ከዚያ በላይ አልጠይቅም። አንድ ቀን ጥበቃው ድስቱን ሳይቀበለኝ «እናት፣ ከእንግዲህ አትልፊ» አለኝ። የት እንደወሰዱት የነገረኝ የለም። መቃብርም አላሳዩኝ።

አብሮት ታስሮ የነበረ የጎረቤት ልጅ ሲፈታ ሊጠይቀኝ መጣ።

«እማማ፣ ኢማማችን እሱ ነበር» አለኝ። «ሁላችንም ዓይናችን ታስሮ ነው የገባነው። ፀሐይ አናይም፤ የት እንዳለን አናውቅም። ስንሰግድ የምንዞርበት ቂብላ የቱ ጋ እንደሆነ ጠፋን። ያገኘልን እሱ ነው። ካንቺ ድስት ሥር ጥላሸት ጠርጎ ግድግዳው ላይ ምልክት አደረገልን።»

ድስቱ አንዳንድ ቀን ሥሩ ተጠርጎ ይመለስልኝ ነበር። ደግ ሰው አጥቦልኝ ነው እል ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያን ምልክት ማየት ብቻ ፈለግሁ። ከዚያ ቤት የሚቀርልኝ ሌላ ነገር የለም።

እስረኞቹን ወደ ሌላ ቦታ አዛወሩና ቀበሌው ቤቱን አድሶ አዳራሽ ሊያደርገው ተነሣ። ስብሰባም፣ ኪነትም፣ ሰርግም ይደረግበታል ተባለ። ወንዶቹ የመሃል ግድግዳዎቹን አፍርሰው ድንጋዩን ደቻቱ ወንዝ ውስጥ ደፉት፤ ጎርፍ ይወስደዋል አሉ። ምልክቱም አብሮ የሄደ መሰለኝ። የሴቶች ማኅበር ለኖራ ቅብ ሲጠራን ከሁሉም ቀድሜ ሄድሁ።

«አቦ ዛሬ ምን ተገኘ? ለስብሰባ ሲጠሩሽ እግርሽን ያምሽ አልነበር?» አለችኝ ጎረቤቴ፣ ባልዲዋን እንደተሸከመች።

«ዛሬ ተሻለኝ።»

ውስጥ ስንገባ ዙሪያውን አየችና «ወላሂ እኔ ልጄን እዚህ አልድርም» አለች። «ሙሽራዋን የት ሊያስቀምጧት ነው? እዚያ ጥጉ ጋ?»

«ቀስ በይ፣ አንቺንም እዚያው ጥጉ ጋ እንዳያስቀምጡሽ» አለቻት ሌላዋ።

ምልክቱ አልፈረሰም። በዳር ግድግዳው ላይ፣ ከመስኮቱ አጠገብ ነበር። መስጊድ ውስጥ ቂብላን የሚያሳየው የሚህራብ ቅርጽ ነው፤ ከላይ ክብ የሆነ ትንሽ በር ይመስላል። በጣት የተሣለ ነው። ልነካው እጄን ዘረጋሁና እንዳላጠፋው ብዬ መለስሁት።

መስኮቱ ድሮ በቆርቆሮ የተደፈነ ነበር፤ ለአዳራሹ ብለው ከፍተውታል። ቀና ስል የጣቢያው ጣራ ታየኝ። ጣቢያው ከዚህ ቤት በስተደቡብ ነው፤ ካዕባ በስተሰሜን። ምልክቱ ካዕባ ካለበት ተቃራኒ ነበር።

እንዴት እንደተሳሳተ ወዲያው ገባኝ። ቤታችን ከጣቢያው ወዲህ ነው። ስንሰግድ የባቡሩ ፉጨት ከፊታችን ይመጣል። ልጅ ሆኖ «ባቡሩ መካ ሆኖ ነው የሚጮኸው?» ይለኝ ነበር፤ እኔም እየሳቅሁ «ወደዚያው ነው» እለው ነበር። እዚያ ጨለማ ውስጥ ፉጨቱን ሰምቶ ወደ ፉጨቱ ዞረ። እስር ቤቱ ከጣቢያው ወዲያ መሆኑን ማን ይንገረው? ያ ሁሉ ሰው እሱን ተከትሎ ጀርባውን ለካዕባ ሰጥቶ ሰገደ። ፊታቸው ወደ ጣቢያው፣ ከጣቢያውም አልፎ ወደ እኛ ሰፈር ነበር።

ቂብላ የጠፋበት ሰው አጣርቶ፣ ልቡ ወደመራው ከሰገደ ሶላቱ ሶላት ነው። እንዲህ ተምረናል። አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ ሶላቱን አልተወም።

«ጓዲት፣ ምን ቆመሽ ታያለሽ?» አለኝ የሚያሠራን ካድሬ። «ያን ጥቁር ቀቢው እንጂ።»

ቀባሁት።

«ይታያል እኮ። ድገሚው።»

ደገምሁት። አሁንም ይታይ ነበር። ኖራ እርጥብ ሳለ አይሸፍንም፤ የሚነጣው ሲደርቅ ነው። የድሬዳዋ ሙቀት ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። ብሩሹን ይዤ እዚያው ቆምሁ። ጥላሸቱ አመድማ ሆነ፤ ቀጥሎ ክቡ ብቻ ቀረ፤ ቀጥሎ እሱም ሄደ።

ጎረቤቴ መጥታ ባልዲዬን አነሣችልኝ። ግድግዳውን አየችው።

«ነጣልሽ» አለችኝ።

«አዎ» አልኋት። «ነጣ።»