ነገራ የሸመነው የመስታወት ክር

ይቅርታ አድርጉልኝ፤ እኔ ለመጻፍ የምደፍር ሰው አልነበርኩም። ፊደል የለየሁት ልጆቼ ካደጉ በኋላ ነው፤ እሱም ገና አልሰከነልኝም። ግን የሽሮ ሜዳ ሰው ባለቤቴን ነገራን «ነካ አድርጎታል» እያለ ሲያወራ ዝም ማለት ከበደኝ።

ነገራ ከልጅነቱ ጀምሮ ሸማኔ ነው። ልጃችን ያዕቆብ ግን ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጬ አልሸምንም ብሎ ብረት ማቅለጫ ገባ። አንድ ቀን የቀለጠው ብረት ፈነጠቀና ደረቱን በላው። በቃ፣ ሆስፒታል ሳይደርስ አለፈ።

አምና ሮዳስ የምትባል ልጅ ነገራ ጨርቅ እንዲሸምንላት ቤታችን መጣች። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እሳት የሚመክት ሰሌዳ ነው የምትሠራው። ከመስታወት የተሠራ ክር ይሸመናል፣ ጨርቁ ሙጫ ውስጥ ተነክሮ ይደራረባል። ሙጫው ውስጥ በዓይን የማይታይ የሸክላ ብናኝ ትጨምርበታለች፤ ናኖ ይሉታል። እሳት ሲነካው ላዩ ከስሎ ይጠነክራል እንጂ ሙቀቱን ወደ ውስጥ አያሳልፍም አለችን። ነገራ፣ የማይታይ ነገር ሸጠውልሽ እንዳይሆን ብሎ ቀለደባት። ሳቀች። ቀጥሎ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ልጄ፣ ማቅለጫ ፊት ለሚቆም ሰው ደረቱን ይከልልለታል?» አላት።

«የእሳቱን ፈተና ካለፈ አዎ፣ ጋሼ ነገራ።»

ከውጭ ያስመጣችው ክር ለዚያ ሥራ ብቻ የሚበቃ ነበር። ጣት ይወጋል፣ ቶሎ ይበጠሳል። ነገራ ለምርጥ ጋቢ የሚያደርገውን አደረገለት፤ ክሩ እንዳይበጠስ ዱቄት በውሃ አፍልቶ ድሩን ቀባው። ሸማኔ ይሄን ለማንም አይናገርም፤ ምኑ ይነገራል? ጋቢ መጀመሪያ ሲታጠብ ዱቄቱ ይለቃል። ይሄኛው ግን፣ እ... ማለቴ፣ ሳይታጠብ በቀጥታ ሙጫ ውስጥ እንደሚገባ ማን አሰበ። ጨርቁ አንድ እንከን አልነበረውም። ሮዳስ ዘርግታ ስታየው ፊቷ በራ።

የፈተናው ዕለት እኛንም ወሰደችን። ነበልባሉ ሲነካው ሰሌዳው ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ አበጠና ንብርብሩ ተላቀቀ። ክፍሉን ያረረ ገንፎ ሽታ ሞላው። ነገራ ከሁሉም ቀድሞ ለየው።

ድሩን ዱቄት መቀባቱን ለሮዳስ ነገራት። እሷም አልተቆጣችም፤ ዱቄቱ ከልሎት ሙጫው ክሩን ካልያዘው ብናኙ ብቻውን ምንም አያደርግም፣ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ አለች። ሌላ ክር ማስመጣት ግን አልሆነላትም፤ የሥራዋም ጊዜ አልቆ ነበር።

በታክሲ ተመለስን። ሽሮ ሜዳ ልንወርድ ስንል ነገራ፣

«ያዕቆብን ደግሜ ቀበርኩት» አለኝ።



በማግስቱ ጠዋት ያን የዱቄት ድስት ገልብጦ አጠበው። ከጨርቁ የተረፈውን ቁርጥራጭ ክር ለቃቅሞ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። ምንም ሳይቀባ በደረቁ ወጠረው። ከመዳፍ አይሰፋም፤ ለፈተና እንደማይበቃ እሱም ያውቃል። ክሩ ይበጠሳል፣ ይቋጥረዋል። ደግሞ ይበጠሳል፣ በደማ ጣቱ ደግሞ ይቋጥረዋል።