የጎድጓዳው ካርታ

ሥራውን የያዝኩት መርካቶ፣ ጭድ ተራ ነው። ያን ጊዜ ኩሊ ነበርኩ። አንድ ፒክአፕ መጥቶ ቆመና ገመድ፣ ጀሪካን፣ ሸራና ከባድ መዶሻ አስጫኑኝ። ሸማቹ ኢንጂነር ግርማ ይባላል፤ የእንፋሎት ኃይል ጥናት ቡድን መሪ ነበር። ጭኜ ስጨርስ ከላይ እስከ ታች አየኝና፣

«ማንበብ ትችላለህ?» አለኝ።

«አልችልም።»

«በጣም ጥሩ። በረሃ ትወጣለህ?»

ማንበብ አለመቻሉ ሥራ ያስገኘለት ሰው ከእኔ በቀር አላውቅም። ምክንያቱን በኋላ ደረስኩበት። ከእኔ በፊት የነበረው ረዳት የልኬት ውጤት ለሌላ መሥሪያ ቤት አሳልፎ ሰጥቷል ተብሎ ተባሯል። ግርማ የፈለገው ጉልበት ያለውና ወረቀት የማያውቅ ሰው ነው። የመርካቶ ልጅ መሆኔንም ወደደው። እኛ ሰፈር ዕቃህን ከየት እንዳመጣኸው ለወንድምህም አትነግርም።

ስሜ ዘርጋ ነው፤ ማዕረጌ የመስክ ረዳት ነበር። ከላይ ቡድን መሪው፣ ቀጥሎ ኬሚስቷ ሰላማዊት፣ ከዚያ ሹፌሩ፣ ከዚያ እኔ። ከእኔ በታች መዶሻው ብቻ ነበር።

ሥራው እንዲህ ነው። በረሃው ላይ ገመድ ቀጥ አድርገህ ትዘረጋለህ፤ በገመዱ ልክ ካስማ ትተክላለህ። በየካስማው ሥር የብረት ዘንግ በመዶሻ ትመታና ትነቅለዋለህ። በቀዳዳው የሙቀት መለኪያው ሽቦ ይገባል። አጠገቡ እኛ «ድስቱ» የምንለውን ዕቃ መሬት ላይ ትደፋና ዙሪያውን በአፈር ትደፍነዋለህ። ከመሬት የሚወጣው ጋዝ እዚያ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ሰላማዊት በማሽኗ ታነበዋለች። ይህ ሁሉ ተሰብስቦ ካርታ ይሆናል። ካርታው ቀይ ያሳየበት ቦታ ይቆፈራል፤ የሚወጣው እንፋሎት መብራት ያመነጫል። ወሬው ያምራል። የጀርባውን ሕመም የሚያውቀው ግን ባለመዶሻው ነው።

አንድ ቀን ካስማ ልተክል ስቆፍር የሌላ ሰው አሮጌ ካስማ አገኘሁ።

«ኢንጂነር፣ እዚህ ከእኛ በፊት የለካ አለ እንዴ?»

«አለ።»

«ታዲያ እሱን አንጠይቅም?»

«አይሰጡንም። እኛም አንሰጣቸውም። ምታ!»

መታሁ። አንድ አገር፣ አንድ መሬት፣ ሁለት ጊዜ ተለካ። እኔማ ደመወዜን በላሁ፤ ምን ቸገረኝ?

መንገድ መሪያችን ሐመዱ የሚባል የአፋር ሰው ነበር። አማርኛው ውስጥ «እርስዎ» የሚባል ነገር የለም፤ ግርማንም እኔንም አንተ ነው የሚለን። እንፋሎት የሚወጣበትን ስንጥቅ ሁሉ ያሳየን እሱ ነው። የእሱ ሰዎች ስንጥቁ ላይ ድንጋይ ይከምሩና እንፋሎቱ ቀዝቅዞ ሲንጠባጠብ ውሃውን ይጠጣሉ።

አፋሮች ዳጉ የሚሉት ልማድ አላቸው። መንገድ ላይ የተገናኙ ሰዎች ዝም ብለው አይተላለፉም። ቁጭ ብለው ያዩትን የሰሙትን ሁሉ ይነጋገራሉ፤ ውሃው የት አለ፣ ሣሩ የት በቀለ፣ የቱ መንገድ ያሰጋል። መደበቅ ነውር ነው። ሐመዱ ከማንም ጋር ሲገናኝ ሥራ ይቆማል። ግርማ ይበሳጫል፤ «ይሄ ሰውዬ ሬዲዮ ነው እንዴ?» ይላል።

ነገሩ የተበላሸው አንዲት ጎድጓዳ ላይ ነው። ነፋስ ስለማይደርስባት የሐመዱ ቤተሰቦች ከአባት ከአያት ጀምሮ በየዓመቱ የሚሰፍሩባት ናት። እነሱ ገና አልደረሱም፤ ግመሎቻቸው መንገድ ላይ ነበሩ። መሬቱ በቅርቡ ሲንቀጠቀጥ ከርሞ ስለነበር የጎድጓዳዋ ወለል አዲስ ስንጥቅ አውጥቷል።

ድስቱን ደፋሁ። ሰላማዊት ማሽኗን አይታ እንደገና እንድደፋው አዘዘችኝ። እኔ ጎንበስ እንዳልኩ ሲጋራ ልለኩስ ክብሪት ጫርኩ። ጠፋ። ሌላ ጫርኩ። ጠፋ።

«ዘርጋ፣ ተነስ! ቀና በል!» ብላ ጮኸችብኝ። ከጎድጓዳዋ ጎትታ አስወጣችኝ። «ይሄ ጋዝ ከአየር ይከብዳል። ነፋስ ከሌለ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ እንደ ውሃ ይተኛል። አይሸትም። የተኛበት ሰው አይነሳም።»

«ልጅ ቢተኛበትስ?»

«ልጅ ከሁሉ ቀድሞ ነዋ።»

ያን ቀን ሐመዱ ሁላችንንም አስቀመጠን። ወደ ግርማ ዞሮ፣ «እኛ እንፋሎቱን አሳየንህ። አንተ ምን አገኘህ?» አለው።

«ገና እየተጠና ነው» አለ ግርማ።

ሐመዱ ሲሄድ ሰላማዊት፣ «ኢንጂነር፣ ሰዎቹ ሊሰፍሩ ነው። መናገር አለብን» አለች።

«ውጤቱ የአሠሪው ነው። ውል አለ። ጋዝ ይገድላል የሚል ወሬ ከወጣ ሕዝቡ ይሸበራል፣ ባለገንዘቡም ይሸሻል። በሪፖርት እናቀርበዋለን።»

«ሪፖርቱ መቼ ይወጣል?»

«ሲያልቅ።»

ማሽኗን አንስታ ሄደች። እኔም የሰማሁትን ለጊዜው ለራሴ ያዝኩ፤ ምስጢር መያዝ ያደግሁበት ነው። ነገር ግን በማግስቱ ካስማ ስንለቅም ሐመዱ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ዘርጋ፣ ምን አየህ?»

የጋዙን ስም እንኳ አላውቀውም ነበር። ሁለት ክብሪት ጫርኩ፣ ሁለቱም ጠፉ አልኩት። እዚያ የተኛ አይነሳም፣ ልጆቹ ቀድመው ያልቃሉ አልኩት። አንድም ነገር ደግመህ ንገረኝ አላለኝም። በትሩን አንስቶ ወደ ግመሎቹ አቅጣጫ ሄደ። ያገኘውን ሁሉ እያስቆመ እንደነገረ በኋላ ሰማሁ። ያን ዓመት ጎድጓዳዋ ውስጥ አንድም የሰሌን ቤት አልተተከለም። ማንም አልሞተም።

ግርማ አልቆየም፤ ጠራኝ።

«ማነው የነገራቸው?»

«እኔ ነኝ።»

«ማን ፈቀደልህ?»

«ማንም።»

«ፊደል እንኳ አትለይም! ስለ ጋዝ ምን ታውቃለህ?»

«ክብሪቱ ሲጠፋ አይቻለሁ።»

ሰላማዊት እዚያው ነበረች። የማሽኗን ሳጥን ስትወለውል አንገቷን አላቀናችም። ሹፌሩ አስፋልት ድረስ ወሰደኝና አወረደኝ። ሐመዱንም አባረሩት።

መርካቶ ተመለስኩ። በርበሬ በረንዳ የዛላ ጆንያ ስሸከም ዓመታት ሄዱ። የማታ ትምህርት የገባሁት ያኔ ነው። ዕውቀት ጠምቶኝ አይደለም፤ ንዴት ነው። «ፊደል አትለይም» የሚለውን ስድብ ከላዬ ላይ ለማራገፍ ነው። በልጅ እግር አስተማሪ እየተገሠጽኩ፣ በቁራጭ እርሳስ እየታገልኩ ለየሁት። ቆይቶም የገመድና የሸራ ሱቅ ከፈትኩ።

በቅርቡ አንዲት ወጣት ጂኦሎጂስት ገመድ ልትገዛ መጣች። ቤዛ ትባላለች። ሥራውን ስለማውቀው ጨዋታ ያዝን።

«ጋሼ፣ አሁን እኮ ነገሩ ተለውጧል» አለችኝ። «የድሮው ልኬት ሁሉ ተሰብስቦ አንድ ካርታ ሆኗል። ኢንተርኔት ላይ ነው፣ ለማንም ክፍት። በአማርኛም አለ። ድሮ ሦስት ቡድን አንድ ቦታ ይለካ ነበር አሉ። ያ ቀረ።»

«ይሄስ ጥሩ ነው» አልኩ። ጥሩ ነውና። «ማን ሠራው?»

«እትዬ ሰላማዊት ናት ኃላፊያችን። ያውቋታል?»

«ማሽን ስትወለውል አውቃታለሁ።»

አልገባትም። ስልኳን ሰጠችኝ። ስንጥቆቹን ከፈለግሁ፣ ኮረብታውን ከያዝኩ በኋላ ጎድጓዳዋን አገኘኋት። ቀይ ናት። አጠገቧ ጽሑፍ አለ። በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት፦ «ከፍተኛ ጋዝ። ሰው የማይኖርበት።»

«ምንድነው ይሄ? ሰው የማይኖርበት ያለው ማነው?»

«በጥናቱ ጊዜ ሰፋሪ አልተገኘማ። ለቁፋሮ የተመረጠውም ለዚያ ነው፤ የሚነሳ ሰው የለም፣ ካሳ የለም። አሁን ታጥሯል። ከእንፋሎቱ ስንጥቆች ጋር አንድ ላይ ነው የታጠረው።»

«ውሃቸውስ?»

«የማን ውሃ?»

ነገርኳት። ሐመዱን፣ ክብሪቱን፣ ሰዎቹ ለምን እንዳልሰፈሩ። ቤዛ መጥፎ ልጅ አይደለችም፤ ፊቷ ተለወጠ። «ካርታው ላይ እርማት መላኪያ አለው» አለችና እዚያው የሱቁ ባንኮኒ ላይ ቁጭ ብላ ጻፈች። እኔ ተናገርኩ፣ እሷ ጻፈች፣ አንብቤ አጸደቅሁት።

«ማስረጃ ይጠይቃል፣ ጋሼ። ምን ልበል?»

«ሰላማዊት ነበረች በይ።»

መልሱ ሲመጣ ቤዛ ራሷ ይዛልኝ መጣች። ከሰላማዊት ክፍል ነው። ለአስተያየቱ ያመሰግናል። በልኬቱ ወቅት ቦታው ላይ ሰፋሪ አልተመዘገበም፣ ስለዚህ መረጃው ትክክል ነው ይላል።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እውነቱን ነው፤ ያን ዓመት ማንም አልነበረም። እንዳይኖሩ ያደረግሁ እኔ ነኝ። ብናገርም ባልናገርም ጎድጓዳዋ ከእጃቸው ትወጣ ነበር፤ ልዩነቱ ልጆቹ በሕይወት መኖራቸው ነው። ይሄ ቀላል አይደለም። ግን ሐመዱ ካለበት ቦታ የሚያየው አጥሩን ነው።

በዚህ ሥራ ላይ ላላችሁ የምለው ይህን ነው። መሬቱ ላይ አደጋ ካያችሁ ለሚኖርበት ሰው ወዲያው ንገሩ፤ ፈቃድ አትጠብቁ። በዚያው ቀን ደግሞ ቦታው የማን እንደሆነ ካርታው ላይ አስጽፉ። ካልተጻፈ፣ ነፍሱን ለማትረፍ የሸሸው ሰው እንዳልነበረ ይቆጠራል።