የተጨበጠችው አደይ

ፌርፋክስ ላይ አንድ የሐበሻ ሱቅ በር ላይ የፕላስቲክ አደይ አበባ ተሰቅሏል። ገና ሳየው ቀኝ እጄ ተጨበጠ።

የስድስት ዓመት ልጅ ሆኜ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ከአክስቴ ጋር ከአዲስ አበባ ወደዚህ ተመለስን። ኤርፖርት፣ ፍተሻው ጋ ስንደርስ መዳፌ ላይ ለስላሳ ነገር አስቀምጣ ጣቶቼን አጠፈቻቸው። «እንዳትከፍቺ!»

ፈታሹ ከሻንጣዋ በሣር የታሰረ አደይ መዘዘ። «ምንድን ነው?» አለኝ በእንግሊዝኛ።

«ዓመታችን ነው በይው» አለች አክስቴ።

እሱን እንዴት አድርጌ ልተርጉመው? «አበባ ነው» አልኩት። ቆሻሻ ውስጥ ጣለው። ቀኝ እጄን አጥብቄ ጨበጥኩ።

ፓርኪንግ ደርሰን እጄን ስትፈለቅቀው አንዲት አደይ በላብ ርሳ ተጨፍልቃለች። አክስቴ ጸጉሬ ላይ ሰካቻት። «እንኳን አደረሰሽ።»

አሁን መንገዱን ልንሻገር ስንል ልጄ «እማዬ፣ እጅሽን» አለችኝ። ጣቶቼ አልከፈት አሉ።