ሲስተር ዛጎርካ እና የተዘጋው መስኮት

«ይሄ ልጅ ነው ወይስ ዳቦ? ምድጃ ውስጥ ከታችሁት እኮ! እስኪበስል ነው የምትጠብቁት?»

የመንደራችን ነርስ የሲስተር ዛጎርካ ድምፅ ነው። እኛና እማማ ፐርሳ አንድ ግድግዳ ነው የምንጋራው፤ ጠብ ሲኖር ጆሮ መጣል አያስፈልግም፣ ጠቡ ራሱ ይመጣል። እኔም እግሬ አላርፍ ብሎ ሄድኩ።

በሰርቢያ፣ ከሌስኮቫች ከተማ በላይ ያለው መንደራችን በጋው አናት ላይ ነበር፤ አስፋልቱ ጫማ ይይዛል። እማማ ፐርሳ ግን መስኮቱን ሁሉ ዘግተው፣ የበሩን ስር ሳይቀር በፎጣ ወትፈዋል። ለምን? ለንፋስ። እኛ ጋ ሰው ተኩላ አይፈራም፣ ንፋስ ይፈራል። ሁለት መስኮት ፊት ለፊት ከተከፈተ፣ በመሀል የሚያልፈው ንፋስ አንገት ያጣምማል፣ ኩላሊት ያበርዳል፣ ጆሮ ይበላል። አራስ ልጅ ከሆነማ አለቀለት!

ሕፃኑ የልጃቸው ልጅ ኦግኜን ነው። የሱፍ ኮፍያ፣ ሁለት ሹራብ፣ ከላዩ ብርድ ልብስ። ፊቱ ቀልቷል፣ አንገቱ ሽፍ ብሏል፣ ከጠዋት ጀምሮ ጡት አልይዝም ብሏል። እናቱ ኔቬና ታቅፋው ዝም ብላ ታለቅሳለች።

«ጡቷ ደርቆ ነው እኮ» አሉ እማማ። «የአበባ ሻይ በስኳር አፍልቼለታለሁ።»

«ሻዩን እርስዎ ይጠጡት!» አለች ሲስተር፣ ቴርሞሜትሩን እያየች። «ትኩሳት አለው። ኔቬና፣ እናቱ አንቺ ነሽ፣ አውልቂለት። ክፍሉ ቀዝቅዞ ትኩሳቱ ካልወረደ መኪናዬ ደጅ ነው፣ ቀጥታ ሆስፒታል።»

ኔቬና ሆስፒታል ስትሰማ ከንፈሯ ነጣ። ኮፍያውንም ሹራቦቹንም አወለቀችለት። እማማ ፐርሳ ግን እጃቸውን ዘርግተው መስኮቱ ላይ ተለጠፉ።

«በሬሳዬ ላይ ነው የሚከፈተው! አባቱን እንዲህ ነው ያሳደግኩት!»

«አባቱንማ አውቀዋለሁ። እንደ ተቀቀለ ድንች ነበር።»

ታውቀዋለች ስል በእውነት ነው። በመንደሩ ያለ ወጣት ሁሉ ራቁቱን በዚህች ሴትዮ ሚዛን ላይ ተንጠልጥሎ አልቅሷል። በረዶ መንገድ ሲዘጋ በትራክተር ትመጣለች። የማንም ውሻ አይጮህባትም፤ ሠርግ ላይ ሙሽራው ደረቱን ሲነፋ ጠጋ ብላ «አንተ፣ ስትወለድ ጫጩት ነበርክ» ትለዋለች። ያልወለደች ናት፤ ግን ልጆችሽ ስንት ናቸው ቢሏት ተራራውን ሁሉ በእጇ ታሳያለች።

ያን ቀን ታዲያ አልጮኸችም። ከሚስማሩ ላይ የእማማን የክረምት ካፖርት አወረደች።

«እሺ እማማ። ሙቀት ጥሩ ከሆነ ይልበሱት። ልጁን በእርጥብ ጨርቅ እስክጠርገው ብቻ።»

«አልፈራም!» አሉ። ካፖርቱን፣ ሻሹን፣ የሱፍ ካልሲውን ደራረቡ። ጄኔራል ነው የመሰሉት።

ሲስተር የልጁን አንድ እግር ጠርጋ ሳትጨርስ ጄኔራሉ ቀሉ። ላብ ከአፍንጫቸው ጫፍ ጠብ አለ። ሁለተኛው እግር ላይ የካፖርቱን ቁልፍ መፍታት ጀመሩ።

«እቺ ሴትዮ ልትገድለኝ ነው!» ብለው ዞሩና መስኮቱን ራሳቸው በሩቅ እስኪሰማ በርግደው ከፈቱት። ሲስተር እየሮጠች የወዲያኛውን ከፈተች። ንፋሱ መጋረጃውን አንስቶ ገባ። ኦግኜን አነጠሰ።

«ይኸው! አላልኩም?» አሉ እማማ፣ ካፖርቱን እየወረወሩ።

«አፍንጫውን አጸዳ እንጂ ምን ሆነ!»

ሲስተር ቆይታ ቴርሞሜትሩን ደግማ አስገባች። ኔቬና አይኗን ጨፈነች።

«ወርዷል» አለች ሲስተር።

ልጁም አይኑን ገለጠና አፉን ከፍቶ ወዲያ ወዲህ መፈለግ ጀመረ። ሲስተር አልነካችውም፤ ከኔቬና ክንድ ስር ትራስ አደረገችና «ጀርባውን ደግፊ፣ ራሱ ይመጣል» አለቻት። መጣ! እንደ ጥጃ ጎትቶ ያዘው።

«እየዋጠ ነው!» ጮኸች ኔቬና። «እማማ፣ ይሰማዎታል? ደርቋል ያሉት ጡት ነው!» ወተቱ በአገጩ ይወርዳል።

እማማ ፐርሳ ጎንበስ ብለው አዳመጡ። «አዋዋጡ የአባቱ ነው» አሉ።

ሲስተር በተከፈተው መስኮት ወገቧ ድረስ ወጥታ «ጠባ!» አለች። ጠቡን ሰምቶ መንገድ ላይ የተሰበሰበው ሁሉ አጨበጨበ፤ የፕለም አረቄ የያዘ ሰውም አልጠፋም። ከሳምንት በኋላ ሚዛኑ ላይ ሲሰቀል ኔቬና ቁጥሩን ለጎረቤት ሁሉ እየዞረች ተናገረች፤ የአበባ ሻዩንም እማማ ራሳቸው ጠጡት።

እጅ መስጠት ግን የለም። «አንቺ ሲስተር፣ በርበሬ እስኪለቀም ልጁን ጆሮውን ካላመመው ለክረምት የምታስቀምጪውን በርበሬ በሙሉ ጠብሼ እልጥልሻለሁ። ካመመው ደግሞ የኔን አንቺ ትልጫለሽ!»

«እጅዎን ያምጡ!»

ተጨባበጡ። እኛ ጋ ለክረምት የሚቀመጠውን በርበሬ ጠብሶ መላጥ ጣት የሚያቃጥል የቀናት ሥራ ነው። በርበሬው ገና አረንጓዴ ነው። መስኮቱ ክፍት ነው፣ ኦግኜን ወፍሯል፣ እማማ ፐርሳም በየጠዋቱ የጆሮውን ጫፍ ቆንጠጥ እያደረጉ ያለቅስ እንደሆነ ያያሉ። ሲስተር ደግሞ ባለፈች ቁጥር «እማማ፣ ማጭበርበር የለም!» ትላለች።